ደም ካያችሁ አትደብቁ፦ ለከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ስለ ኪንታሮት የተደረገ ንግግር

(በአዳማ በተካሄደ የአሽከርካሪዎች ስብሰባ ላይ አንድ ቀዶ ሐኪም ያደረጉት ንግግር ነው። ጥቂት ድግግሞሽ ብቻ ተቀንሶ እንዳለ ቀርቧል።)

እንደምን አረፈዳችሁ?

አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ከባሎቻችሁ ጋር የመጣችሁ እህቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከመካከላችሁ ሌሊቱን ከሚሌ ሲነዳ አድሮ በቀጥታ እዚህ የገባ እንዳለ ሰምቻለሁ። እንቅልፋችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። መቀመጥ የሚያስቸግረው ሰው ካለ ይቁም። ግድግዳውን ተደግፎ ያዳምጠኝ። ማንም ለምን ቆምክ አይለውም።

ሰብሳቢያችሁ ሲጋብዙኝ ስለ ወገብ ሕመም እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። ስለ ወገብ ሌላ ቀን እመጣለሁ አልኳቸው። ወገቡን የሚያመው ሰው ያወራል፤ ለሚስቱም ለጓደኛውም ይናገራል። ዛሬ የምናገረው ግን ማንም አፍ አውጥቶ ስለማይናገርለት ሕመም ነው። ስለ ፊንጢጣ ኪንታሮት። አሁን ስሙን ስጠራ አንገታቸውን የደፉ አያለሁ። እባካችሁ ቀና በሉ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ያሉት አባቶቻችን ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ጭምር ነው።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው፣ ኪንታሮት ምንድን ነው? ለምንስ ሹፌር ላይ ይበረታል? ሁለተኛው፣ ደም ያየ ሰው ሁሉ ኪንታሮት አለበት ወይ? ሦስተኛው ሕክምናው ነው። በሦስተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ። ሰው በበሽታው ከሚጎዳው ይልቅ "ላድንህ" ባለው ሰው እጅ ሲጎዳ ስላየሁ ነው።

እሺ፣ ከመጀመሪያው እንነሳ።

ኪንታሮት ከውጭ የሚመጣ ነገር አይደለም። ሁላችንም፣ እኔም እናንተም፣ ፊንጢጣችን ውስጥ በደም ስሮች የተሞሉ ለስላሳ ሥጋዎች አሉን። አብረውን የተፈጠሩ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው፤ አንዱ በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ በኩል። ሥራቸው እንደ ቧንቧ ጎሚኒ ነው። በሩን ይገጥሙታል። ሳናውቀው አየር ወይም ፈሳሽ እንዳያመልጠን ያደርጋሉ። እነዚህ ሥጋዎች ደም ሲቋጥሩ፣ ሲያብጡና የያዛቸው ድጋፍ ላልቶ ወደ ታች ሲንሸራተቱ ነው ኪንታሮት የምንለው። ስለዚህ ኪንታሮት የያዘው ሰው እርግማን አልደረሰበትም። ያልታጠበ፣ ያልተጠነቀቀ፣ የረከሰ ሰው አይደለም። ያለው ነገር አበጠ፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ሁለት ዓይነት ነው። የውስጥና የውጭ። የውስጠኛው የሚነሳው ሕመም የሚሰማው ነርቭ ከሌለበት ቦታ ነው። ለዚህ ነው አብዛኛውን ጊዜ ሳያም የሚደማው። ሰውየው ምንም አይሰማውም፤ ዞር ብሎ ሲያይ ግን ደማቅ ቀይ ደም ያያል። የውጪው በቆዳ የተሸፈነ ነው። እዚያ ስሜት አለ። እሱ ውስጥ ደም ከረጋ ሕመሙ ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ለምን ሹፌር? እስቲ የአንድ ቀናችሁን አብረን እንየው።

ሌሊት 10 ሰዓት ትነሳላችሁ። በባዶ ሆድ ሞተር ታስነሳላችሁ። መተሐራ ወይም አዋሽ ላይ ትቆሙና ቁርስ ትበላላችሁ፣ ቡና ትጠጣላችሁ። አሁን ልብ በሉ። ምግብ ሆድ ሲገባ ትልቁ አንጀት ይነቃል፣ ያለውን ወደ ታች ይገፋል። በተለይ ጠዋት ይበረታል። "ሽንት ቤት ሂድ" የሚለው ስሜት የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። እናንተ ግን ያን ጊዜ መንገድ ጀምራችኋል። ከኋላ ተሳቢ አለ። መቆሚያ የለም። ገዋኔ እስክደርስ ብላችሁ ትይዙታላችሁ። ትንሽ ቆይቶ ስሜቱ ይጠፋል። ጠፋ ማለት ግን ወጣ ማለት አይደለም። እዚያው ነው ያለው። አንጀት ውሃውን እየመጠጠ ያደርቀዋል። ማታ ሚሌ ወይም ሎጊያ ስትደርሱ፣ ደክሟችሁ፣ የደረቀውን ለማውጣት ታምጣላችሁ። ባማጣችሁ ቁጥር ደም ወደ እነዚያ ሥጋዎች ይወርዳል። በማግስቱም እንደዚያው። ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያው። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያው።

በዚያ ላይ የአፋር ሙቀት አለ። ሰውነት በላብ ውሃ ይጨርሳል። ሹፌር ደግሞ ሽንት እንዳይዘው ብሎ ውሃ አይጠጣም። ጅቡቲ ድንበር ገላፊ ኬላ ላይ ወረፋ ይዛችሁ ስትውሉ ስንቶቻችሁ ናችሁ ከአንድ ሃይላንድ በላይ የምትጠጡ? ምግቡስ? መንገድ ላይ የሚገኘው ጥብስ ነው፣ ፓስታ ነው፣ ሩዝ ነው፣ ዳቦ በሻይ ነው። ቤት ቢሆን ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ይቀርብ ነበር። የጤፍ እንጀራና ጥራጥሬ አንጀት የሚፈልገውን አሰር፣ ማለትም ፋይበር፣ ይሰጣሉ። ጥብስ በዳቦ አይሰጥም።

ስለ ጫትም ልናገር፤ ዝም ብዬ ባልፍ እናንተን እንደ መደለል ነው። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ የአንጀትን እንቅስቃሴ ያቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ደግሞ ሆድ ያደርቃል። ሰዓታት ቁጭ ያስደርጋል። የመን ውስጥ ጫት የሚቅሙ ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናትም ኪንታሮት በቃሚዎች ላይ በዝቶ ታይቷል። ይህን የምለው ልፈርድባችሁ አይደለም። እንቅልፍን ለማሸነፍ እንደምትቅሙ አውቃለሁ። ግን በየወሩ ደም የምታዩ ከሆነና መቃሙን እንደነበረ ከቀጠላችሁ፣ እኔ የማደርግላችሁ ሕክምና ዕድሜው አጭር ነው።

ረዳቶችም አላችሁ እዚህ። ጎማ ስታወርዱ፣ ጭነት ስትጎትቱ ትንፋሽ ይዛችሁ አታንሱ። ትንፋሽ ይዞ ማንሳትም ከማማጥ አይለይም።

የፀሐይ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ኪንታሮት ያመጣል ስትሉ እሰማለሁ። አያመጣም። በርበሬም አያመጣም። ፊንጢጣው የተሰነጠቀ ሰው ሚጥማጣ ሲበላ ሊያቃጥለው ይችላል፣ ያ ሌላ ነገር ነው። እርግዝና ግን በእርግጥ ያመጣል። እህቶቼ፣ በመጨረሻዎቹ ወራትና ከወሊድ በኋላ ብዙ እናቶች ላይ ይወጣል። አብዛኛው ከወለዱ በኋላ በሳምንታት ውስጥ በምግብ፣ በውሃና በሞቀ ውሃ መዘፍዘፍ ይረግባል። ነፍሰ ጡር ሆናችሁ ማንም እንዳይነካካባችሁ።

አሁን ስለ አባቴ ልንገራችሁ። ይህን ታሪክ ሰው ፊት ስናገር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው፤ አባቴ ራሱ ፈቅዶልኛል።

አባቴ ሹፌር ነበር። ኤንትሬ የሚባለውን ከባድ መኪና ነበር የሚነዳው። የአሰብ መስመር በ1990 ዓ.ም. በጦርነቱ እስኪዘጋ ድረስ እሱ ላይ ነበር። ትልልቆቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ልጅ ሆኜ የማስታውሰው አንድ ነገር አለ። አባቴ ከመንገድ ሲገባ ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ አይበላም። የበሩን መቃን ተደግፎ፣ ቆሞ፣ በእጁ ይዞ ነው የሚበላው። እኛ ልጆቹ ቶሎ መሄድ የሚፈልግ ይመስለን ነበር። ጋቢናው ውስጥ ወንበሩ ላይ አራት እጥፍ የታጠፈ ጋቢ ነበረው። "ለወገቤ ነው" ይል ነበር። እናቴ ግን ልብሱን የምታጥበው እሷ ነበረች። ታውቅ ነበር። እሷም ዝም፣ እሱም ዝም። ሆድ ይፍጀው ተባብለው ኖሩ።

ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ነጭ ገዋን ለብሼ ቤት በመጣሁ ጊዜ ነው ወደ ጓሮ ጠርቶ የነገረኝ። መሬት መሬት እያየ። "ለሌላ ሰው ብነግር እሞታለሁ" አለኝ። መምህሬ ዘንድ ወሰድኩት። ሦስተኛ ደረጃ የውስጥ ኪንታሮት ነበር። በትንሽ ላስቲክ ታሰረለት። ከሳምንታት በኋላ አንድ ጊዜ ተደገመለት። አለቀ። ከክፍሉ ሲወጣ ያለኝን አልረሳም፦ "ለዚች ነው እንዴ ያን ሁሉ ዘመን ቆሜ የበላሁት?"

ወንድሞቼ፣ ስንቶቻችሁ ናችሁ ዛሬ ቆማችሁ የምትበሉ?

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሂድ። ይህን ከሰማችሁ ሌላውን ብትረሱም አልቀየምም። ከፊንጢጣ የሚወጣ ደም ሁሉ የኪንታሮት አይደለም። ከፊንጢጣ የሚወጣ ደም ሁሉ የኪንታሮት አይደለም።

የኪንታሮት ደም ደማቅ ቀይ ነው። ከሰገራው ጋር አይደባለቅም፤ በላዩ ላይ ወይም በስተመጨረሻ ጠብ ጠብ ይላል፣ መጥረጊያው ላይ ይታያል። ሰገራው ሲወጣ እንደ ቢላ የሚቆርጥ፣ ከዚያም ለሰዓት የሚያቃጥል ሕመም ካለ ምናልባት የፊንጢጣ መሰንጠቅ ነው፤ ሕክምናው ይለያል። መግልና ትኩሳት ካለ እባጭ ነው፤ ያ ቶሎ መከፈት አለበት። ደም ከንፍጥና ከተቅማጥ ጋር ከመጣ አሜባ ወይም ሌላ የአንጀት ቁስለት ሊሆን ይችላል። ቢልሃርዚያ ባለበት አካባቢ ሐይቅና ወንዝ ውስጥ የምትታጠቡ ደግሞ እሱም አንጀት ያደማል። እነዚህ በሰገራ ምርመራ ሊለዩ ይችላሉ።

እና ካንሰር አለ። ስሙን የምጠራው ላስፈራራችሁ አይደለም። አንድ ደንበኛዬ ነበር፣ የናንተው ሙያ ባልደረባ። ሁለት ዓመት ያህል ደም ያያል። "ኪንታሮቴ ነው" ይላል። ከፋርማሲ ቅባት ይገዛል። ሲቀንስለት ይተዋል፣ ሲመጣ ይቀባል። ወደ እኔ ሲመጣ ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሱ አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩ። ሱሪው እየሰፋበት ራሱ የበሳቸው። በጣቴ ስመረምረው እብጠቱን አገኘሁት። የትልቁ አንጀት መጨረሻ ላይ የነበረ ካንሰር ነው። ኪንታሮትም ነበረበት። ሁለቱም ነበሩበት። ኪንታሮት ስላለባችሁ ሌላ ነገር የለባችሁም ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ማንም ሐኪም ሳያያችሁ በስልክ "ኪንታሮት ነው" ቢላችሁ አትመኑት የምለው።

ምልክቶቹን ያዙልኝ። ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ። የሰገራ ልማድ መለወጥ፤ አንድ ሰሞን ድርቀት፣ አንድ ሰሞን ተቅማጥ። ከሰገራው ጋር የተደባለቀ ወይም የጠቆረ ደም። ተቀምጣችሁ ጨርሳችሁም ያልጨረሳችሁ የሚመስል ስሜት። የደም ማነስ። ከ45 ዓመት በላይ የሆነና ደም ያየ፣ ወይም ወላጁ፣ ወንድሙ፣ እህቱ የአንጀት ካንሰር የነበረበት ሰው፣ ኪንታሮት ቢገኝበትም አንጀቱ በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ፣ መታየት አለበት። ወጣቶችም ነፃ አይደላችሁም፤ ወጣት ላይም እናያለን።

የደም ማነስ ስል፣ ኪንታሮት ራሱ ለረጅም ጊዜ ሲደማ ደም ያሳጣል። አንድ ወጣት ረዳት በደረጃው ወጥቶ ክፍሌ ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጦ ነበር። የዓይኑ ውስጥ ነጭ ሆኗል። የደም ማነስን የምንለካበት ሄሞግሎቢኑ 6 ነበር። ለወንድ 13 እና ከዚያ በላይ መሆን ነበረበት። "ጥቂት ጥቂት ነው የሚፈሰኝ" አለኝ። ጥቂት ጥቂት በየቀኑ ሲሆን ጥቂት አይደለም።

አሁን ሕክምናው። ሦስተኛው ነጥብ።

ስንመረምር ምን እናደርጋለን? ይህን የምነግራችሁ ፍርሃቱ ካለማወቅ ስለሚመጣ ነው። በግራ ጎናችሁ ትተኛላችሁ፣ ጉልበታችሁን ወደ ደረት ትስባላችሁ። አንሶላ ትለብሳላችሁ። ሐኪሙ ጓንት አድርጎ በቅባት በጣቱ ይመረምራል፣ ከዚያ አኖስኮፕ በምትባል አጭር ቱቦ ያያል። ጥቂት ደቂቃ ነው። አያምም፤ ትንሽ ይከብዳል። በቃ።

የውስጥ ኪንታሮት አራት ደረጃ አለው። አንደኛው ይደማል እንጂ አይወጣም። ሁለተኛው ስታምጡ ይወጣል፣ ራሱ ይመለሳል። ሦስተኛው በጣት ካልገፉት አይመለስም። አራተኛው ወጥቶ ይቀራል። ሕክምናውን የሚወስነው ይህ ነው። ጎረቤታችሁ በተቀባው ቅባት እናንተ ላትድኑ ትችላላችሁ፣ እሱ ቀዶ ጥገና ስለተደረገለት እናንተም ያስፈልጋችኋል ማለት አይደለም። እንዲያውም ወደ ሐኪም ከሚመጡት አብዛኞቹ ቀዶ ጥገና አያስፈልጋቸውም።

የሁሉም መሠረት ሰገራን ማለስለስ ነው። በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር ያስፈልጋል። ግራም መቁጠር አያስፈልጋችሁም። አንድ ማዕድ ላይ ሽሮ ወይም ምስር፣ ሌላው ላይ ጎመን ወይም ሰላጣ፣ መካከል ላይ ፓፓያ ወይም ብርቱካን፤ ጭማቂውን ብቻ ሳይሆን ፍሬውን እንዳለ። ከቤት ስትወጡ ቆሎ ያዙ። ተልባ ያዙ። ተልባ ለዚህ ሕመም ትልቅ ነገር ነው። የተወቀጠ ተልባ አንድ ሁለት ማንኪያ በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ በላዩ ላይ ብዙ ውሃ ጨምሩበት። ውሃ ሳትጠጡ አሰር ብቻ ብታበዙ መልሶ ያደርቃችኋል። በቀን ቢያንስ ሁለት ሊትር፤ አፋር ስትወርዱ ደግሞ ከዚያ በላይ። ባለቤቶቻችሁ ተልባውን ወቅጠው በፌስታል ቋጥረው መኪናው ውስጥ ቢያስቀምጡላችሁ፣ እኔ ከማዝላችሁ ቅባት ይበልጣል።

ሽንት ቤት ውስጥ ከአምስት ደቂቃ በላይ አትቆዩ። ስልክ ይዛችሁ አትግቡ። ካልመጣ ተነሱ፣ ሌላ ጊዜ ይመጣል። ወንበር ያለው ሽንት ቤት ከሆነ እግራችሁን ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ላይ አሳርፉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስሜቱ ሲመጣ አትያዙት። ቁርስ ከበላችሁ በኋላ አሥር ደቂቃ ለራሳችሁ ስጡ፣ ከዚያ ተነሱ። አሥር ደቂቃ ዘገያችሁ ብሎ ጅቡቲ ወደብ አይዘጋም። አሠሪዎችም ይህን ብታውቁልን ደስ ይለኛል፤ በመንገዱ ላይ ንጹሕ ሽንት ቤት የሚጠይቅ ሰው ቅንጦት አልጠየቀም።

ሲያብጥና ሲያሳክክ ለብ ባለ ውሃ፣ በሳፋ፣ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ተዘፍዘፉ። ጨው፣ ዴቶል፣ አልኮል አትጨምሩ። ውሃ ብቻ። ፋርማሲ የሚሸጡ ቅባቶች ማሳከክና ሕመም ያስታግሳሉ፤ ኪንታሮቱን ግን አያጠፉም። ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ከአንድ ሳምንት በላይ አትቀቡ፤ ቆዳውን ያሳሳዋል።

በዚህ ካልዳነ፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ደረጃ ላለው፣ አባቴ የተደረገለት ላስቲክ ማሰር አለ። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ባሮን በ1963 እ.ኤ.አ. ካስተዋወቀው ወዲህ በዓለም ዙሪያ ይሠራል። ኪንታሮቱ ሥሩ ላይ በትንሽ ላስቲክ ይታነቃል፣ ደም ያጣል፣ ይደርቃል፣ በሳምንት በአሥር ቀን ይወድቃል። የሚታሰረው ነርቭ የሌለበት ቦታ ላይ ስለሆነ ማደንዘዣ አያስፈልገውም። አንድ ሁለት ቀን የመክበድ ስሜት ይኖራል። በዕለቱ ቤታችሁ ትገባላችሁ።

ሹፌሮች፣ እዚህ ላይ ስሙኝ። ላስቲኩ ሲወድቅ ሊደማ ይችላል። ይህም የሚሆነው ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ዛሬ ታስራችሁ ነገ ጅቡቲ አትውረዱ። ደሙ የሚመጣው ሐኪም በሌለበት በረሃ ላይ ሊሆን ይችላል። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ አስቀድማችሁ ንገሩን። ከታሰራችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ፣ ሕመሙ ከበረታ፣ ሽንት እምቢ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል። ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን አይጠብቅም።

የሚያደርቅ መድኃኒት በመርፌ መውጋትም አለ፣ በተለይ ለመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች።

ቀዶ ጥገናው ለአራተኛ ደረጃ፣ በላስቲክ ላልተመለሰና የውስጡም የውጪውም ለተደባለቀበት ነው። ሚሊጋንና ሞርጋን የተባሉ ሐኪሞች በ1937 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የገለጹት መንገድ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። አብዛኛውን ጊዜ ከወገብ በታች ተደንዝዞ ነው። አልዋሻችሁም፣ ከዚያ በኋላ ያማል። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፣ የመጀመሪያው ሰገራ ያስፈራል። ግን የመመለስ ዕድሉ ከሌሎቹ ያነሰ ነው። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት መሪ አትይዙም። ፍሬን በሙሉ ኃይል መርገጥ ሳትችሉ መንገድ አትውጡ። ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ከታዘዘላችሁ እሱ እንቅልፍም ያመጣል፣ ሆድም ያደርቃል። ከማለስለሻ ጋር ካልሆነ ራሱ ሌላ ችግር ነው።

እመለስበታለሁ ያልኩት የውጪው አለ። በድንገት፣ አንድ ቀን ካማጣችሁ ወይም ከባድ ካነሳችሁ በኋላ፣ ሰማያዊ የሆነ የሚያስጮህ እብጠት ይወጣል። ደም ረግቶ ነው። በ72 ሰዓት ውስጥ ከመጣችሁ ቆርጠን እናወጣዋለን፣ ወዲያው ትገላገላላችሁ። ከዚያ ካለፈ ብዙ ጊዜ ራሱ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይሟሽሻል፤ በሞቀ ውሃና በማስታገሻ እንጠብቀዋለን። በመርፌ ወይም በምላጭ ራሳችሁ አትውጉት። ጓደኛችሁም አይውጋላችሁ።

አሁን ከመጀመሪያው ያሰብኩበት ቦታ ደረስኩ።

ምሰሶ ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ አሁን ደግሞ በቲክቶክ "ኪንታሮት ያለ ቀዶ ጥገና ነቅለን እናወጣለን" የሚል ታያላችሁ። የባህል ሕክምናን በጅምላ አልቃወምም። ተልባውን ያስተማሩን እናቶቻችን ናቸው። የምቃወመው የሚያቃጥለውን ነገር ነው። ምን እንደሆነ የማይታወቅ ቅጠል ወይም ዱቄት ፊንጢጣ ላይ ይደረጋል። ሥጋውን ይበላዋል። ኪንታሮቱን ብቻ መርጦ አይበላም። ጤነኛውን ቆዳ፣ አንዳንዴም በሩን የሚዘጋውን ጡንቻ ይዞት ይሄዳል።

አንድ ሰው መጣልኝ። ገና ጎልማሳ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ ሲኖትራክ ነው የሚነዳው። ከገበያ ጀርባ አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀባ። ቀናት ሙሉ በደረቱ ተኝቶ ጮኸ። ከዚያ አንድ ጥቁር ነገር በጥጥ ላይ አሳዩትና "ይኸው ወጣልህ" አሉት። ደስ ብሎት ከፈለ። ያ ጥቁር ነገር የሞተ የራሱ ሥጋ ነበር። ወራት ቆይቶ ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ተኮማተረ። በሩ ጠበበ። ስመረምረው ትንሿ ጣቴ አልገባ አለች። ሰገራው እንደ ክር ነበር የሚወጣው። ምግብ ፈርቶ አቁሟል። ከጎን ቆዳ አምጥተን በሩን ማስፋት ነበረብን። ዛሬ ደህና ነው። ግን የመጣበት ኪንታሮት፣ እሱ እንደነገረኝ ከሆነ፣ ሁለተኛ ደረጃ ነበር። ተልባና ላስቲክ ይበቃው ነበር።

ለምን እዚያ ሄድክ አልኩት። "እዚያ ማንም አያየኝም ብዬ ነው" አለኝ። ገንዘብ አጥቶ አይደለም። ሐኪም ጠፍቶ አይደለም። ሐፍረት ነው የወሰደው። አንዱ የተወጋበት ምላጭ ለሌላው በሚያገለግልበት ክፍል ኤችአይቪም፣ የጉበት ቫይረስም አለ። ሐፍረታችሁ ይህን ያህል አያስከፍላችሁ።

ሰዓቴን እያዩልኝ ነው። ሁለት ጥያቄ በወረቀት ደርሶኛል፤ ጸሐፊዎቹን አልጠይቅም።

አንዱ "ኪንታሮት ወንድነትን ያዳክማል ወይ?" ይላል። አያዳክምም። ሕመምና ጭንቀት ፍላጎት ሊቀንስ ይችላል፤ ኪንታሮት ግን የብልትን ሥራ አይነካም። ይህን እየነገሩ መድኃኒት የሚሸጡላችሁ አሉ፣ አትግዙ። ችግሩ ካለባችሁ ለብቻው ታዩ። ስኳርና ደም ግፊትም ሊሆን ስለሚችል ለእነሱ ተመርመሩ።

ሌላው "ካልታከመ ወደ ካንሰር ይቀየራል?" ይላል። አይቀየርም። ኪንታሮት ካንሰር አይሆንም። የሚያስፈራው ካንሰሩን ኪንታሮት ነው ብሎ መተው ነው።

ከስብሰባው በኋላ እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ በስተግራ ባለው ክፍል እስከ 9 ሰዓት እንቆያለን። አንድ በአንድ ነው የምትገቡት። በሩ ይዘጋል። ስም አንመዘግብም። የምትጠቀሙበት ቅባት ወይም ኪኒን ካለ ይዛችሁ ግቡ፤ የባህልም ቢሆን አሳዩን፣ አንቆጣም። ለሚስቶች ሴት ሐኪም በቀኝ በኩል ባለው ክፍል አለች። ዛሬ ማታ መንገድ ያለባችሁ ቅድሚያ ውሰዱ፣ ሌሎቻችሁም እባካችሁ አሳልፏቸው። አመሰግናለሁ።